ውልና ልማድ፦ የታችኛው እርከን ፍተሻዎች ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር ሲሻገሩ

የሶፍትዌር ፍተሻ አንድ ፕሮግራም የሚጠበቅበትን መሥራቱን ለማረጋገጥ የሚጻፍ ሌላ ፕሮግራም ነው። ፍተሻው የሚመለከተው የደመወዝ ስሌትን ወይም የተማሪዎችን ውጤት አመዘጋገብ ከሆነ በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚሮጥ ብዙም አያሳስበውም፤ በእሱና በፕሮሰሰሩ መካከል የፕሮግራም ቋንቋው፣ ላይብረሪዎቹና ስርዓተ ክወናው እንደ መጋረጃ ቆመው የማሽኑን ጠባይ ይሸፍኑለታልና። የሚመለከተው ግን የስርዓተ ክወናውን እምብርት ማለትም ከርነሉን፣ ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይረውን ኮምፓይለር፣ ወይም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያቋቁመውን የቨርቹዋል ማሽን አሠራር ከሆነ መጋረጃው ይነሳና ፍተሻው ከፕሮሰሰሩ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። የታችኛው እርከን ፍተሻ የሚባለው ይህ ነው። አርክቴክቸር ደግሞ አንድ የፕሮሰሰር ቤተሰብ የትኞቹን ትእዛዞች እንደሚቀበል፣ ቁጥሮችን በእጁ የሚይዝባቸው ሬጂስተሮች ስንት እንደሆኑ፣ ማህደረ ትውስታን በምን ሥርዓት እንደሚያነብና እንደሚጽፍ የሚደነግግ ውል ነው። ተሻጋሪ ፍተሻ ሲባልም በአንድ አርክቴክቸር ላይ ተጽፎ በሌላው ላይ ሲሮጥ ፍርዱ የማይዛባ ፍተሻ ማለት ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር ከሊኑክስ ከርነልና በዙሪያው ካደጉት የፍተሻ ስብስቦች የተሻለ መስክ የለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የጻፈው ለኢንቴል 386 ብቻ ነበር፤ በ1995 የወጣው 1.2 ቅጂ ግን አልፋን፣ ስፓርክንና ሚፕስን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ባለ 64 ቢቱ አርም በ2012 በ3.7 ቅጂ፣ ሪስክ-ፋይቭ በ2018 መጀመሪያ በ4.15፣ የቻይናው ሉንግአርክ በ2022 በ5.19 ሲገቡ፣ በአንድ ወቅት የወደፊቱ ፕሮሰሰር የተባለለት ኢታኒየም በ2024 መጀመሪያ ከ6.7 ቅጂ ወጥቷል። አማዞን በ2018 ግራቪተን የተባለውን የአርም ፕሮሰሰር ለሰርቨሮቹ ሲያቀርብና አፕል በ2020 ላፕቶፖቹን ወደ ራሱ የአርም ቺፖች ማዛወር ሲጀምር፣ ለብዙ ዓመታት ኤክስ86 በሚባለው የኢንቴል 386 ቤተሰብ ማሽን ላይ ብቻ ተጽፈው በኤክስ86 ማሽን ላይ ብቻ ሲያልፉ የኖሩ ፍተሻዎች ያልለመዱት ምድር ላይ ወደቁ።

ብዙዎቹ የወደቁት በኮምፓይለር ስህተት አልነበረም። ኮምፓይለር የሚያስቆመው ችግር ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ራሱን ያሳውቃልና። ከባዱ፣ ፍተሻው ከልቡ የአንድን ማሽን ልማድ እንደ ውል ቆጥሮ በሚጠበቀው ውጤት ውስጥ ሲያሰፍር የሚፈጠረው ነው። ውል በቋንቋው መለኪያ፣ በከርነሉ ሰነድ ወይም በፕሮሰሰሩ መመሪያ ቃል የተገባበት ነገር ነው፤ ልማድ ግን ማንም ቃል ሳይገባበት በአንድ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ሲሆን የሚታይ ነገር ነው። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ለሚሠራ ሰው ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። በተሻጋሪነት ላይ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ፣ እስከ ዛሬ የቀረቡት መፍትሔዎችም ሁሉ፣ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

ልዩነቱ ከሁሉ በፊት የሚታየው በመረጃው ቅርጽ ላይ ነው። የሲ ቋንቋ አንድን ፊደል የሚይዘው ቻር የተባለ ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይያዝ ወይም አይያዝ በቋንቋው መለኪያ አልተወሰነም፤ በሊኑክስ ላይ በኤክስ86 ይይዛል፣ በአርም፣ ፓወር በተባለው ቤተሰብና በሪስክ-ፋይቭ ግን አይይዝም። የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ከ128 በታች በመሆናቸው ልዩነቱ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ አይጋለጥም፤ በግእዝ ፊደል ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ሲሆን ባይቶቹም 225፣ 136 እና 128 ናቸው፤ የመጀመሪያው ባይት በኤክስ86 ላይ በቻር ሲነበብ −31 ሆኖ ይወጣል፣ በአርም ላይ ግን 225 እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ የእንግሊዝኛ ፊደል አይደለም» በሚል ስሌት ላይ የተመሠረተ ፍተሻ በአንዱ ማሽን አማርኛን ሲያውቅ በሌላው ይስታል። የከርነሉ አዘጋጆች ይህን ጉዳይ በ2023 በወጣው 6.2 ቅጂ የቆረጡት ከርነሉ በየትኛውም አርክቴክቸር ላይ ቻርን ያለ አሉታዊ ቁጥር እንዲተረጉም በማዘዝ ነው። ልማዱን ወደ ውል መለወጥ ማለት እንዲህ ነው፤ ከሁሉም መፍትሔ የጸዳው ይህ ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም።

የባይት ቅደም ተከተልም የዚሁ ወገን ነው። ከአንድ ባይት የበለጠ ቁጥር ወደ ማህደረ ትውስታ ሲጻፍ አብዛኞቹ የዘመኑ ማሽኖች ትንሹን ባይት ያስቀድማሉ፤ ኤስ390ኤክስ በሚል ስም የሚታወቀው የአይቢኤም ትልቅ ኮምፒውተር ግን ትልቁን ያስቀድማል። ፍተሻው ቁጥር ጽፎ የመጀመሪያውን ባይት ብቻ የሚያነብ ከሆነ በሁለቱ ላይ የተለያየ መልስ ያገኛል። ከዚህ ይልቅ ተንኮለኛ የሚሆነው ሎንግ ደብል የተባለው የአሥርዮሽ ቁጥር ዓይነት ነው፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ በኤክስ86ም ሆነ በአርም 16 ባይት ስለሚይዝ መጠኑን የሚለካ ፍተሻ ያልፋል፣ ነገር ግን ኤክስ86 ከ16ቱ የሚጠቀመው በ10ሩ ብቻ ሲሆን ቀሪው 6 ባይት ትርጉም የሌለው ሙሌት ነው። ሁለት እኩል ቁጥሮችን ባይት በባይት የሚያወዳድር ፍተሻ በአርም ላይ እኩል ናቸው ሲል በኤክስ86 ላይ እንደ ሙሌቱ ሁኔታ የተለያዩ ናቸው ሊል ይችላል፤ እዚህ ላይ ችግሩ የሚመጣው ከተለመደው ማሽን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ስሌትን በሚመለከት ከሁሉ የሚያስገርመው ምሳሌ ሙሉ ቁጥርን ለዜሮ ማካፈል ነው። በኤክስ86 ላይ ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቋርጦ ለከርነሉ አቤት ይላል፣ ከርነሉም ሲግናል በተባለ ማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙን ያስቆመዋል፤ በአርም64 ምንም ሳይቋረጥ ውጤቱ 0 ይሆናል፤ በሪስክ-ፋይቭ ደግሞ ሁሉም ቢቶች 1 የሆኑበት ቁጥር ይመለሳል። «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለውን የአሥርዮሽ እሴት ወደ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር መቀየርም እንዲሁ ሦስት መልስ አለው፦ ኤክስ86 −2147483648፣ አርም64 0፣ ሪስክ-ፋይቭ 2147483647። የሲ ቋንቋ ለሁለቱም ድርጊቶች ውጤት ቃል አልገባም። ስለሆነም የሲግናል አሰጣጥን ለመፈተሽ ብሎ ለዜሮ የሚያካፍል ፍተሻ የሚፈትሸው ሌላ ነገር ነው፤ ፍላጎቱ ሲግናሉ መድረሱን ማወቅ ከሆነ ሲግናሉን በራሱ በስርዓት ጥሪ መላክ ይኖርበታል። የፍተሻ ጸሐፊ የሚፈትሸውን ነገር ከሚፈትሽበት መንገድ ለይቶ ካላስቀመጠ በአዲስ ማሽን ላይ የሚወድቀው መንገዱ እንጂ ነገሩ አለመሆኑን ለማወቅ ብዙ ቀን ሊፈጅበት ይችላል።

ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩ ፍተሻዎች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች በአንጻሩ የታወቁ ናቸውና በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅባቸው የስርዓት ጥሪዎች ቁጥር ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ የመጻፍ ጥሪ በ64 ቢት ኤክስ86 ቁጥር 1፣ በ32 ቢቱ 4፣ በአርም64ና በሪስክ-ፋይቭ 64 ነው። ፋይል የሚከፍተው የቀድሞው ጥሪ በአርም64 ላይ ከነጭራሹ የለም፣ በምትኩ ኋላ የመጣው ሰፋ ያለው ጥሪ ብቻ ነው ያለው። ማህደረ ትውስታ የሚከፋፈልበት ገጽ የተባለው ቁራሽ በኤክስ86 4096 ባይት ሲሆን በአርም64 ላይ ከርነሉ ሲዘጋጅ በሚደረግ ምርጫ 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት 2 ሜጋባይት የነበረው ትልቅ ገጽ በ64 ኪሎባይት ከርነል ላይ 512 ሜጋባይት ይደርሳል፣ አሥር ትልልቅ ገጽ የሚጠይቅ ፍተሻም 5 ጊጋባይት ፈልጎ ይቀራል። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ቁጥሩን አለመጻፍና ስርዓቱን መጠየቅ ነው።

የሰዓት ቆጣሪ ጉዳይ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። የኤክስ86 ቆጣሪ በሰከንድ በቢሊዮኖች የሚቆጥር በመሆኑ ሁለት ተከታታይ ንባቦች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ «ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይበልጣል» የሚል ፍተሻም ሁልጊዜ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ የአፕል ላፕቶፕ አርም ቺፖች ቆጣሪ በሰከንድ 24 ሚሊዮን፣ የራስፕቤሪ ፓይ 4 ደግሞ 54 ሚሊዮን ጊዜ ብቻ ስለሚቆጥር ፈጣን የሆነው ፕሮሰሰር ሁለቱን ንባቦች በአንድ ምት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። ውሉ «ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም» የሚል ብቻ ነበር፤ «ይበልጣል» የሚለውን የጨመረው ጸሐፊው ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥልቅ የሆነው የማህደረ ትውስታ ቅደም ተከተል ነው፤ ዳሰሳው ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች ሲኖሩት፣ አንዱ ኮር የጻፈውን ሌላው የሚያየው በተጻፈበት ቅደም ተከተል ላይሆን ይችላል። የታወቀው ምሳሌ መልእክት ማስተላለፍ ነው፦ የመጀመሪያው ኮር መልእክቱን ይጽፍና ቀጥሎ «ተጽፏል» የሚል ምልክት ያነሳል፤ ሁለተኛው ኮር ምልክቱን ያነብና ቀጥሎ መልእክቱን ያነባል። ምልክቱ ተነሥቶ መልእክቱ ግን አሮጌው ሆኖ ሊገኝ ይችላልን? በኤክስ86 ላይ አይችልም፤ በአርም፣ በፓወርና በሪስክ-ፋይቭ ላይ ግን ጸሐፊው መሰናክል የሚባለውን የቅደም ተከተል ትእዛዝ ካላስገባ ይችላል። ኤክስ86 የሚፈቅደው ብቸኛ መዛነፍ አንድ ኮር ጽፎ ወዲያው ከሌላ ቦታ ሲያነብ ንባቡ ከጽሕፈቱ ቀድሞ መፈጸሙ ነው። በመሆኑም መሰናክሉን የረሳ ፕሮግራም በኤክስ86 ላይ በሚሊዮን ሩጫ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት ሊያልፍ ይችላል፤ ማለፉ የፕሮሰሰሩ ቸርነት እንጂ የፕሮግራሙ ትክክለኛነት አይደለም።

ለዚህ ችግር የተገኘው መልስ በዘርፉ ከተሠሩት ሁሉ የላቀ ነው ማለት ይቻላል። ሊትመስ ፍተሻ የሚባሉት፣ ስማቸውን ከኬሚስትሪው የሊትመስ ወረቀት የወሰዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሮጥ ክፍል ብቻ ያላቸው፣ እያንዳንዱም ጥቂት መስመር የሆነ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኸርድ7 የተባለው መሣሪያ ፕሮግራሙን ከማስኬድ ይልቅ ሊፈጸም የሚችልበትን መንገድ ሁሉ በዝርዝር አውጥቶ፣ አንድ ውጤት በተጻፈው የማህደረ ትውስታ ሕግ የተፈቀደ ወይም የተከለከለ መሆኑን ይፈርዳል። የሊኑክስ ከርነል የራሱን የማህደረ ትውስታ ሕግ በዚህ መሣሪያ በሚነበብ መልክ ጽፎ በ2018 በ4.17 ቅጂ ውስጥ አካቷል። ያው ትንሽ ፕሮግራም በሌላ መሣሪያ አማካይነት በእውነተኛ ማሽን ላይ ደጋግሞ ሊሮጥ፣ የታዩት ውጤቶችም ሊቆጠሩና ከሕጉ ጋር ሊነጻጸሩ ይችላሉ። በዚህ አሠራር ሕጉ በአንድ ወገን፣ ማሽኑ በሌላ ወገን ይቆማሉ፤ ማሽኑ ሕጉ የከለከለውን ካሳየ ስህተት አለ፣ ሕጉ የፈቀደውን ካላሳየ ግን ምንም ስህተት የለም። «አልታየም» እና «አይፈቀድም» የሚሉት ሁለት ቃላት እንዲህ በግልጽ የተለዩበት ሌላ የፍተሻ ዘርፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ደግሞ በኢሙሌተር ላይ ስለሚጣለው እምነት ጥያቄ ያስነሣል። ኢሙሌተር የአንድን ፕሮሰሰር ትእዛዝ በሌላ ፕሮሰሰር ላይ የሚያስመስል ሶፍትዌር ነው፤ ፋብሪስ ቤላርድ የጀመረውና በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኪውኢሙ በዚህ ረገድ ለዘርፉ ያደረገው አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነው። የባይት ቅደም ተከተልን፣ የቻርን ጠባይ፣ የስርዓት ጥሪ ቁጥሮችን፣ ሙሉ ማሽን በሚያስመስልበት አሠራሩም የገጽ መጠንን በታማኝነት ያሳያል። በኤክስ86 ላፕቶፕ ላይ አርምን እያስመሰሉ የጎደለ መሰናክል መፈለግ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ታች ያለው ማሽን ቅደም ተከተሉን የማያዛንፍ ከሆነ ላይ ያለው አስመሳይ ከየት ያመጣዋል? የአፕል መሐንዲሶች የኤክስ86 ፕሮግራሞችን በአርም ቺፖቻቸው ላይ በሮዜታ 2 ለማስኬድ ሲነሡ ቺፑ ራሱ የኤክስ86ን ጥብቅ ቅደም ተከተል እንዲይዝ የሚያደርግ ልዩ ሁኔታ ሃርድዌሩ ውስጥ ማስገባታቸው ጉዳዩ በሶፍትዌር ብቻ በቀላሉ እንደማይፈታ ያመለክታል።

ፍተሻዎቹ የሚጻፉበትን መዋቅር በሚመለከት ሁለት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ። አንዱ ልዩነቱን በአንድ ስም ሥር መሰብሰብ ሲሆን ጥሩ ማሳያው ኬቪኤም የተባለው የከርነሉ የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ ፍተሻዎች ናቸው። እዚህ ፍተሻው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ፣ ሌላው በውጭ ይሮጣል፣ የውስጡም ያገኘውን ለውጩ መንገር አለበት። መንገሪያው ዩኮል የሚባል አንድ ተግባር ነው፤ የፍተሻው ጸሐፊ ይህን ስም ብቻ ይጠራል፣ ከሥሩ ግን ኤክስ86 የግብዓትና ውጤት ወደብን፣ አርም64 ማህደረ ትውስታ ወደሌለበት አድራሻ መጻፍን፣ ኤስ390ኤክስ ዲያግኖስ የተባለ ልዩ ትእዛዝን፣ ሪስክ-ፋይቭ ደግሞ ለበላይ ተቆጣጣሪው የሚደረግ ጥሪን ይጠቀማሉ። አራት አካል፣ አንድ ስም።

ነገር ግን ሁሉም ልዩነት ከስም ሥር አይደበቅም፤ ሊደበቅም አይገባም። በዚያው ስብስብ ውስጥ የተነኩ ገጾችን መዝገብ የሚፈትሽ ፍተሻ አለ፤ መዝገቡ የሚሮጥ ቨርቹዋል ማሽን ሳይቆም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር የትኞቹ ገጾች እንደገና መቀዳት እንዳለባቸው የሚያመለክት ነው። በኤስ390ኤክስ ላይ በ1 ሜጋባይት ክልል ውስጥ ካሉት ገጾች አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍበት የክልሉ ገጾች በሙሉ እንደተነኩ ይመዘገባሉ። የፍተሻው ጸሐፊዎች ይህን ማሽን ከፍተሻው አላስወጡም፣ የፍተሻውንም መለኪያ ለሁሉም ዝቅ አላደረጉም፤ በመጀመሪያው ዙር ገጾቹን ሁሉ ነክቶ ማለፍ የሚል አጭር ክፍል ጨምረው ምክንያቱን ከጎኑ በማብራሪያ ጻፉ። ልዩነት በስሙ ተጠርቶ፣ ምክንያቱ ተነግሮ፣ በጥቂት መስመር ተወስኖ መቀመጡ ለዘርፉ አርአያ ሊሆን የሚገባው ሥራ ነው።

ሌላው መንገድ ስሌቱን ከፍርዱ መለየት ነው። የሪስክ-ፋይቭ የአርክቴክቸር ፍተሻዎች ውጤቱ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብለው ራሳቸው አይፈርዱም፤ ያገኙትን ፊርማ በተባለ የማህደረ ትውስታ ክልል ውስጥ ይጽፋሉ፣ ፊርማውም ሴይል በተባለ ቋንቋ ከተጻፈው የአርክቴክቸሩ ማመሳከሪያ ሞዴል ውጤት ጋር ይነጻጸራል። እነዚህ የአንድ ቤተሰብ ፍተሻዎች ቢሆኑም፣ ትምህርታቸው ለሁሉም ይሆናል፤ የሚጠበቀው ውጤት በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ካለው ማሽን መቀዳቱ ቀርቶ ከውሉ እንዲመነጭ ያደርጋሉና።

የቀረው መዝለል ነው፤ ይህ ዳሰሳ ከሁሉ በላይ የሚያስጠነቅቀውም ስለ እሱ ነው። ፍተሻ በአንድ አርክቴክቸር ላይ ትርጉም የማይሰጥ ሲሆን «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ከማለት ይልቅ «ተዘሏል» ማለቱ ተገቢ ነው፤ በኤስጂአይ የተጀመረው የሊኑክስ ፍተሻ ፕሮጀክት ለዚህ የራሱ የውጤት ዓይነት አለው፣ የከርነሉ የራሱ ፍተሻዎችም ቁጥር 4ን ለዚህ ይመልሳሉ። አደጋው የሚመጣው ብዙ ፍተሻዎች ለኤክስ86 የሚሆን ክፍል ጽፈው፣ አንዳንዴ ለአርም ጨምረው፣ ለቀረው ሁሉ «ይዘለል» ብለው ሲያልፉ ነው። ብዙ የፍተሻ መሣሪያዎች በሚጠቀሙበት ታፕ በተባለው የውጤት አጻጻፍ የተዘለለ ፍተሻ የሚመዘገበው «እሺ» በሚል ጀማሪ ቃል በመሆኑ፣ በአዲስ አርክቴክቸር ላይ መቶ ፍተሻ ሮጦ መቶውም «እሺ» ሲል አንባቢው ዘጠና ያህሉ ፈጽሞ ያልተሞከሩ መሆናቸውን ላያስተውል ይችላል። ወድቆ የታየ ፍተሻ ሰው ይቀሰቅሳል፤ የተዘለለ ግን ማንንም አይቀሰቅስም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አርክቴክቸር ላይ የተዘለሉት ብዛት ከነምክንያታቸው ለብቻ መቆጠር፣ ከቅጂ ወደ ቅጂ መነጻጸር፣ ሲጨምርም እንደ ውድቀት መጠየቅ ይኖርበታል። «ይህ ማሽን ይህ ችሎታ የለውም» የሚለው መዝለልና «ለዚህ ማሽን ገና ማንም አልጻፈም» የሚለው መዝለልም በአንድ ስም መጠራት የለባቸውም፤ የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው ዕዳ ነው።

ፍተሻዎቹን በብዙ ማሽን ላይ መሞከር ቀድሞ የትልልቅ ድርጅቶች ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ኪውኢሙ በነጻ የሚገኝ በመሆኑ ማንኛውም ተማሪ በአንድ የኤክስ86 ላፕቶፕ ላይ ኤስ390ኤክስን አስመስሎ የባይት ቅደም ተከተልንና የቻርን ጠባይ በአንድ ሩጫ መፈተሽ፣ ቀጥሎም ባለ 64 ኪሎባይት ገጽ የአርም ከርነል ማስነሣት ይችላል። ኢሙሌተሩ የማያሳየውን የማህደረ ትውስታ መዛነፍ ለማየት ደግሞ እውነተኛ የአርም ማሽን ያስፈልጋል፤ ይህም ማሽን ሩቅ አይደለም፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ባለ ብዙ ኮር አርም ነው፣ ተርመክስ የተባለውን ነጻ መተግበሪያ በመጫንም የሲ ፕሮግራም እዚያው ላይ መተርጎምና ማስኬድ ይቻላል።